ሥራው ሲሰፋ የት ላይ ይታነቃል? (የአንባቢያን ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ሳቢያን አካባቢ የተማሪ ዩኒፎርም እንሰፋለን። በ3 ማሽን ጀምረን ዛሬ 9 ሠራተኛ ደርሰናል። ሰው ብንጨምርም በቀን የሚወጣው ሸሚዝ ከ80 አያልፍም፤ ትእዛዝ እየዘገየብን ነው። በስልኬ ሰዓት እየያዝኩ ሥራውን ልለካ ስል ሠራተኞቹ አኮረፉ፤ አጠገባቸው ስቆም ሆን ብለው የሚያዘግሙም አሉ። በቁራጭ (በሠሩት ብዛት) ብከፍላቸው ይሻላል?

መልስ፦ የቁራጩን ክፍያ ለጊዜው ያቆዩት። መጀመሪያ ኩርፊያው መፈታት አለበት፤ ያለዚያ የሚለኩት ቁጥር ሁሉ የተዛባ ይሆናል። ሥራን ከፋፍሎ በሰዓት እየለኩ የማደራጀትን ዘዴ ያስፋፋው አሜሪካዊው መሐንዲስ ፍሬድሪክ ቴይለር ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 ዘዴው በአሜሪካ ዋተርታውን የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሲገባ፣ የብረት ማቅለጫ ክፍሉ ሠራተኞች ሥራ አቁመው ወጡ። ሰዓት የተያዘበት ሰው «ዛሬ ከፈጠንኩ ነገ ዋጋዬን ይቆርጡብኛል፤ አለዚያም ከመካከላችን አንዱ ይባረራል» ብሎ ይሰጋል። ስለዚህ ሰብስበው ይንገሯቸው፦ በዚህ ልኬት የማንም ደመወዝ አይቀነስም፣ ማንም አይሰናበትም። ጽፈው ይለጥፉት፤ ቃልዎንም ይጠብቁ። በመመዝገቢያው ወረቀት ላይ የሥራው ስም እንጂ የሰው ስም አይስፈር። ተደብቆ መለካት ደግሞ ፈጽሞ አይገባም።

ከዚያ ሸሚዙን በሥራ ይከፋፍሉት፦ ኮሌታ፣ እጅጌ፣ ኪስ፣ ኦቨርሎክ (የጨርቁ ጠርዝ እንዳይተረተር በልዩ ማሽን መስፋት)፣ ቁልፍ፣ የካውያ ተኩስ። እያንዳንዱን ቢያንስ 10 ጊዜ ይለኩ። ክር የተበጠሰበትን ዙር ከአማካዩ ያውጡት፣ ነገር ግን ለብቻው ይመዝግቡት፤ ክር ቶሎ ቶሎ የሚበጠስ ከሆነ ችግሩ ብዙ ጊዜ ከመርፌው ወይም ከክር ውጥረቱ ነው። ኮሌታ በአማካይ 4.8 ደቂቃ ወሰደ እንበል። ሰፊዋ ከተለመደው ፍጥነት 10 በመቶ የምትፈጥን ከሆነ ሌላው ሰው ከእሷ የበለጠ ጊዜ ስለሚወስድ በ1.1 ያባዙት፣ 5.28 ይሆናል። ለውኃ፣ ለድካም፣ መርፌ ለመቀየር 15 በመቶ ሲጨምሩበት 6 ደቂቃ ገደማ ይመጣል። የድሬን ሙቀት አይርሱ፤ ጠዋትና ከሰዓት ለየብቻ ይለኩ። ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ የሚወስደው ጊዜ የጠዋቱን ያህል አይሆንም፤ በጠዋቱ ብቻ ያወጡት ዕቅድ በየቀኑ ይከሽፋል።

አሁን ያነጻጽሩ። ለምሳሌ ኮሌታ 6፣ እጅጌ 4፣ ቁልፍ 4፣ ኪስ፣ ኦቨርሎክና ተኩስ እያንዳንዳቸው 3 ደቂቃ ቢወስዱና በየሥራው አንድ ሰው ቢኖር፣ በ480 ደቂቃ (በ8 ሰዓት) ውስጥ ኮሌታ የሚያወጣው 80 ብቻ ነው። ኦቨርሎኩ 160 የመሥራት አቅም ቢኖረውም የሚወጣው ሸሚዝ 80 ነው። እርስዎ ሰው ጨምረው ቁጥሩ ያልተነቃነቀው ማነቆው ሌላ ቦታ ስለሆነ ይመስለናል። ኮሌታ ላይ አንድ ሰው ሲጨምሩ ምርቱ 120 ይደርሳል እንጂ 160 አይሆንም፤ ማነቆው ወደ እጅጌና ወደ ቁልፍ ይዞራልና። ለሁለተኛው ኮሌታ ሰፊ ብለው ኦቨርሎክ የሚገዙ ሰዎች አሉ፤ ገንዘብ ማባከን ነው።

ሰው ከመጨመርዎ በፊትም ኮሌታው እንዴት እንደሚሠራ ቁጭ ብለው ይዩት። ሰፊዋ ትሰፋለች፣ ጫፉን ትከረክማለች፣ ትገለብጣለች፣ ተነሥታ ወደ ካውያው ሄዳ ትተኩሳለች፣ ተመልሳ ከላይ ትደርባለች። መከርከሙንና መገልበጡን ለረዳት ይስጡ፤ ካውያውን ከማሽኑ ጎን ያድርጉት። የሥራ እንቅስቃሴን ያጠና የነበረው አሜሪካዊ ፍራንክ ጊልብሬዝ ግንበኞች ጡብ ለማንሣት እንዳያጎነብሱ ጡቡን ወገብ ከፍታ ላይ አስቀምጦ፣ አንድ ጡብ ለማኖር የሚያስፈልገውን እንቅስቃሴ ከ18 ወደ 5 አውርዶታል። የእርስዎም ትርፍ እዚያ ነው ያለው። የተቆረጠውን ጨርቅ በ10 በ10 አስረው የመጣበትን የጨርቅ ጣቃ ቁጥር ይጻፉበት፤ ከሁለት ጣቃ የተቆረጠ ኮሌታና አካል ሲቀላቀል ቀለሙ ይለያይና ያለቀ ሸሚዝ ይፈታል።

በየሰዓቱ የሚሞላ ሰሌዳ ይስቀሉ፦ የታቀደ፣ የተሠራ፣ የጎደለበት ምክንያት። «መብራት ጠፋ»፣ «ጨርቅ ዘገየ» የሚለው ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲደመር የሚስተካከለውን ራሱ ይነግርዎታል።

የቁራጩ ክፍያ የሚመጣው ይህ ሁሉ ከረጋ በኋላ ነው። መነሻ ደመወዙን ሳይነኩ፣ ፍተሻ ላለፈ ሙሉ ሸሚዝ ለቡድኑ በጋራ ይክፈሉ። በየሥራው ለየብቻ ከከፈሉ ኪስ ሰፊዋ 160 ኪስ ትከምራለች፤ የሚወጣው ሸሚዝ ግን አይጨምርም። ሠራተኛው ሲፈጥን ታሪፉን የሚቀንስ ባለቤት ሁለተኛ ዕድል አያገኝም።

ጥያቄ፦ ሐረር የብረት በርና መስኮት እንሠራለን። ግራይንደር (የብረት መቁረጫው ማሽን) ወረፋ ስለሚያዝበት ሁለተኛ ልግዛ?

መልስ፦ ሳይገዙ ለ5 ቀን በቀን 40 ጊዜ፣ አስቀድመው በዕጣ ባወጧቸው ደቂቃዎች፣ ግራይንደሩን ቀና ብለው ይዩትና ምልክት ያድርጉ፦ እየቆረጠ ነው፣ ቆሟል፣ ወይስ ዲስክ እየተፈለገ ነው? ከ200ው እየቆረጠ የተገኘው 70 ጊዜ ቢሆን 35 በመቶ ነው፤ ስሕተቱ ወደላይም ወደታችም 7 ነጥብ ገደማ ነው፤ ማለትም ከ28 እስከ 42 በመቶ። እንዲህ ሆኖ ቀሪው ጊዜ በአብዛኛው በዲስክ ፍለጋ የሚያልፍ ከሆነ የሚያስፈልግዎ ግራይንደር ሳይሆን ለዲስኩና ዲስኩን ለሚፈታው ቁልፍ ቋሚ ቦታ ነው።

ጥያቄ፦ ትምህርት ሊከፈት ሲል ሁሉንም ሰፊዎቻችንን እናስመሻለን። ያዋጣል?

መልስ፦ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የትርፍ ሰዓት ሥራ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም። እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ክፍያው የመደበኛው 1.5 እጥፍ፣ ከዚያ እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5 እጥፍ ነው። ሁሉንም ማስመሸት ግን አያስፈልግም፤ ከላይ በሰጠነው ምሳሌ ኮሌታ ሰፊዋን ብቻ 2 ሰዓት ቢያስመሹ 20 ኮሌታ ያድራል፤ በማግስቱ 100 ሸሚዝ ይወጣል።