መልስ፦ ጠባብ ባለሰሪፍ ፎንት ለካፌ ታፔላ ይሆናል ወይ?

አብሽር ወንድሜ፣ ይሆናል። ግን ለርዕስ ብቻ። ደሴ ለምትከፍተው ካፌ ታፔላውንም ሜኑውንም በአንድ ጠባብ ባለሰሪፍ ፎንት ላሠራ ወይ ብለሃል። ሰሪፍ የሚባለው በፊደሉ ጫፍ ላይ ወጣ የምትለዋ ትንሽ ጭረት ናት። ይህ ዓይነቱ ፎንት ቁመቱ ረዘም፣ ጎኑ ጠበብ ይላል። ብዙ ጊዜ የላቲኑ (የእንግሊዝኛው) ፊደል ቋሚ መስመር ወፍራም፣ አግዳሚው ፀጉር የሚያክል ነው። ረጅም ስም በጠባብ ቦታ ላይ በትልቁ ያስጽፍሃል። ዘናጭ ነው። ሜኑ ላይ በ10 ነጥብ (ፖይንት) መጠን ከጻፍክበት ግን ቀጭኑ መስመር ይጠፋል፤ ደንበኛህም ዋጋውን አስተናጋጅ ሲጠይቅ ይውላል።

ለእንግሊዝኛው ኢንስትሩመንት ሰሪፍን ሞክር፣ ነጻ ነው። የግዕዝ ፊደል ግን የለውም። ለአማርኛው ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ አለልህ፤ ከመደበኛው ሌላ ጠበብ ያሉ ስፋቶችም አሉት።

አደራህን፣ ሰፊውን ፎንት በማውስ ጨፍልቀህ አታጥብብ! እኔ አንዴ «ሐይቅ» የሚል ባነር ላይ ሞክሬው የ«ሐ» ሦስት እግሮች ሳስተው ተጠጋጉ። ከሩቅ ሲታይ አንድ ድፍን ነገር። ባነሩን በራሴ ኪሳራ ደገምኩት።

ደግሞ የደሴን ጉም ታውቀዋለህ። ከጦሳ ተራራ ሲወርድ ቀጭን መስመር ከመንገድ ማዶ አይታይም። ለታፔላው ደማቁን (ቦልዱን) ውሰድ፣ በፊደሎቹ መሃልም ትንሽ አየር ስጥ። ከማሳተምህ በፊት ስሙን በኤ4 አትመህ ግድግዳ ላይ ለጥፍና 20 እርምጃ ራቅ ብለህ እየው።