ቤቴ ስንት ያወጣል? ከሽያጭ በፊት ለሚነሱ ጥያቄዎች የአንድ ገማች መሐንዲስ መልሶች

መሐንዲሱ፦ በአዲስ አበባ በመኖሪያ ቤት ግምት ሥራ ላይ ረጅም ጊዜ ቆይቻለሁ። ቤት ልትሸጡ ያሰባችሁ ጥያቄያችሁን እዚህ ጻፉልኝ፤ ከመጠየቃችሁ በፊት ግን የይዞታ ማረጋገጫ ካርታችሁን አውጥታችሁ አንብቡት። የይዞታው ዓይነት፣ የቦታው ስፋትና ዕግድ መኖር አለመኖሩ ሳይታወቅ የሚነገር ቁጥር ወሬ ነው።

የጎሮው፦ ጎሮ ጂ+1 ቤት አለኝ። ስንት ያወጣል?

መሐንዲሱ፦ አላውቅም። ሊዝ (ከመንግሥት በውል ለተወሰነ ዘመን የተያዘ ቦታ) ነው ወይስ ነባር ይዞታ (ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ)? ስንት ካሬ ነው? መኪና እስከ በሩ ይገባል? ይህንን ይዘው ይመለሱ።

የሰሚቷ፦ ኢንጂነር፣ ከሁለት ዓመት በፊት ብድር ስንጠይቅ የባንክ መሐንዲስ ቤታችንን ገምቶልን ነበር። ያንን ቁጥር ለመሸጫ ልንጠቀምበት እንችላለን?

መሐንዲሱ፦ አትችሉም። የባንክ መሐንዲስ በመጀመሪያ ያንኑ ሕንፃ ዛሬ እንደ አዲስ ለመሥራት በካሬ ሜትር የሚያስፈልገውን ወጪ እንደ ግንባታው ደረጃ ይይዛል፤ ቀጥሎ በዕድሜው ልክ እርጅናውን ይቀንሳል፤ በመጨረሻም ባንኩ ለአካባቢው ባወጣው ማባዣ ያስተካክለዋል። ተበዳሪው ባይከፍል ቤቱ በሐራጅ ምን ያህል ያወጣል የሚለው ሐሳብ ስለማይለየው እጁን ሰብስቦ ዝቅ አድርጎ ይገምታል። ገዢ ግን እንዲህ አያሰላም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነና እንደማይሸጥ ይደነግጋል፤ ሆኖም ሣር ቤት ሠፈር ያለ የዘመመ የጭቃ ቤት ዳር ሠፈር ካለ አዲስ ቪላ በላይ ሲሸጥ፣ ገዢው ለጭቃው እንዳልከፈለ ሁላችንም እናውቃለን። ውሉ ላይ የሚጻፈው ቤቱ ነው፤ ዋጋውን የሚሸከመው ቦታው ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የተሠራ ግምት ደግሞ በምንም መልኩ አይጠቅማችሁም።

የባንክ ባልደረባ፦ ባንክ ሁልጊዜ ዝቅ አድርጎ ይገምታል ማለት ትክክል አይመስለኝም። ዳር ሠፈር ውድ ግንባታ ሲሠራ የእኛ ግምት ከገበያው የሚበልጥበት ጊዜ አለ።

የሰሚቷ፦ ታዲያ የእኔን ቤት ለምን በግማሽ ገመታችሁት? ወለሉ እብነ በረድ መሆኑን እንኳ የመጣው ሰው አልመዘገበውም።

የባንክ ባልደረባ፦ እኔ አልገመትኩትም፣ እመቤቴ።

መሐንዲሱ፦ ባልደረባችን ያሉት እውነት ነው፤ ዳር ላይ ትልቅ ቪላ የሠራ ሰው ብዙ ጊዜ ያወጣውን አያገኝም። የብድሩን ቅሬታ ግን ለባንኩ አቅርቡ፤ እዚህ የምንነጋገረው ስለ ሽያጭ ነው።

የጎሮው፦ ሊዝ ነው፤ 175 ካሬ ነው፤ መንገዱ ኮብልስቶን ነው። ደላሎች 20 ሚሊዮን ይሉኛል፤ ጎረቤቴ ተመሳሳይ ቤት በ22 ሚሊዮን ለገበያ አቅርቧል።

መሐንዲሱ፦ አሁን መነጋገር እንችላለን። ጎረቤትዎ 22 ሚሊዮን ጠራ እንጂ አልሸጠም። የተጠራ ዋጋና የተከፈለ ዋጋ የተለያዩ ናቸው፤ ይህንን ዛሬ ደጋግሜ እላለሁ። ደላላም ቤቱን እንዲሰጡት ሲፈልግ ከፍ አድርጎ ይጠራል፤ ገዢ በተገኘ ማግስት ደግሞ እርስዎኑ ያወርዳል፤ ኮሚሽኑ የሚገኘው ሽያጩ ሲፈጸም ነውና።

ስለዚህ በሠፈርዎ ባለፉት ስድስት ወራት ገንዘብ የተቆጠረባቸውን ሦስት ቤቶች ይፈልጉ። የእድር ሰዎችን ይጠይቁ፤ የገዛውን ሰው ራሱን ቡና ጋብዘው ይጠይቁ፤ ውል ላይ ከተጻፈው ይልቅ የተከፈለውን ለማወቅ ይሞክሩ። ቀጥሎ እያንዳንዱን ከእርስዎ ቤት ጋር ያስተያዩ። ለምሳሌ አስፋልት ዳር ያለ ባለ 200 ካሬ ቤት በ19 ሚሊዮን ተሽጦ ቢሆን፣ 19ኙን ለ200 አካፍሎ በ175 ማባዛት ስሕተት ነው። ሰዎች በጠቅላላ ዋጋ ስለሚገዙ ለአነስተኛ ቦታ ገዢው ይበዛል፤ በዚህም የአንድ ካሬ ዋጋ ከፍ ይላል። በአንጻሩ እርስዎ አስፋልት ዳር ስላልሆኑ ይቀነስብዎታል። ያልተከፈለ ሊዝ ካለም ገዢው ቀሪውን አስልቶ ከዋጋው ያነሣል፤ ስለዚህ እርስዎ ቀድመው ያስሉት። ሦስት ባይሞላልዎትና ወደ ኋላ ቢሄዱም፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት የተፈጸመ ሽያጭን ከነጭራሹ ይተዉት፤ ከዚያ ወዲህ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ 100 ብር ሲያልፍ የብረቱና የማጠናቀቂያ ዕቃው ዋጋ አብሮ ሄዷል።

የዋሽንግተኗ፦ የሟች እናታችን ቤት ጎፋ ነው፤ ነባር ይዞታ ነው፤ አራት ወራሾች ነን። ዋጋውን በዶላር ብንተምን አይሻልም?

መሐንዲሱ፦ በብር ተምኑ። ከዋጋው በፊት ግን ወረቀቱን ጨርሱ፤ የወራሽነት ማረጋገጫው ወጥቶ ስሙ ወደ እናንተ ካልዞረ ገዢ የሚሰጣችሁ ተጨንቆ ለሚሸጥ ሰው የሚሰጠውን ዝቅተኛ ዋጋ ነው። እዚህ ለሚወክሏችሁ ሰው የምትሰጡት ውክልናም የመሸጥ ሥልጣንን በግልጽ መጥቀስ አለበት፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ይጠይቃል። ከ2004 የሊዝ አዋጅ ወዲህ ነባር ይዞታ ከውርስ ውጭ ሲተላለፍ ተቀባዩ ወደ ሊዝ ስለሚገባ፣ ይህንን የሚያውቅ ገዢ ከዋጋው ላይ ይቀንሳል። የቀረውን ጠበቃ ይንገራችሁ።

የሲኤምሲው፦ በብር የሚተምን ይከስራል! የእኔ ጎረቤት በዶላር ብቻ ነው የጠራው።

መሐንዲሱ፦ ሸጠ?

የሲኤምሲው፦ ገና ነው።

የአራብሳው፦ ቦሌ አራብሳ አራተኛ ፎቅ ላይ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም አለኝ። ቀለም ልቀባው?

መሐንዲሱ፦ በመጀመሪያ ኮንዶሚኒየም እንዳይሸጥ የተከለከለበት አምስት ዓመት ሞልቶ እንደሆነ ያረጋግጡ፤ ካልሞላ አይሸጥም። ሊፍት ስለሌለው ከመጀመሪያው ፎቅ ጋር አያስተካክሉት። ቀለም ይቀቡ፤ የሚያፈስሰውን ቧንቧ ግን አስቀድመው ያሠሩ፤ በአዲስ ቀለም ላይ የወጣ እርጥበት ገዢን ይበልጥ ያስጠረጥራል።

የገርጂዋ፦ ግብር እንዲያንስ በውሉ ላይ ዋጋውን ዝቅ አድርገን ብንጽፍስ?

መሐንዲሱ፦ አይጻፍ። ነገ ክርክር ቢነሣ ፍርድ ቤት ፊት የሚቀርበው የተጻፈው ነው፤ ውሉ ፈርሶ ገንዘብ ይመለስ ቢባልም እንዲሁ። የግብሩን ስሌት የግብር ባለሙያ ይጠይቁ።

የለቡው፦ ለቡ ቪላ አለኝ። ስንት ያወጣል?

መሐንዲሱ፦ ከላይ ያለውን ያንብቡ።

የጎሮው፦ ኢንጂነር፣ ሦስት ሽያጮች አገኘሁ፤ 16፣ 17 እና 18 ሚሊዮን ተኩል ናቸው፤ ሦስቱም ከ160 እስከ 180 ካሬ ናቸው። ካርታዬንም ፎቶ አንሥቼ ልኬልዎታለሁ።

መሐንዲሱ፦ ጥሩ ሠርተዋል። ነገር ግን ካርታው 150 ካሬ ይላል። 175 ያሉት አጥሩን ለክተው ይመስለኛል፤ 25ቱ ትርፍ ይዞታ ስለሆነ ገዢ አይከፍልበትም። ስሌቱን ከ150 ይጀምሩ።