ሞርፊኑ ቁምሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል

ጥያቄ፦ የአባቴ የፕሮስቴት ካንሰር ወደ አጥንት ተሰራጭቷል። ወገባቸውን እያመማቸው ሌሊቱን አይተኙም። ሞርፊን የሚባል ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ታዞላቸው ነበር፤ እናቴ ግን «ሱስ ይሆንባቸዋል» ብላ ቆልፋበታለች። በጣም ሲብስባቸው ብቻ ነው የምንሰጣቸው። ምን ላድርግ? (ከጅማ)

መልስ፦ እህቴ፣ መድኃኒቱን ዛሬውኑ አውጡት። ሐኪም ባዘዘው መጠን ለካንሰር ሕመም ሲወሰድ ሱስ ይሆናል ብላችሁ አትስጉ። ዋናው ሰዓቱ ነው። የሞርፊን ሽሮፕ የሚሠራው ለ4 ሰዓት ያህል ስለሆነ፣ ሕመሙ እስኪነሳ ከጠበቃችሁ ሁሌም ትቀደማላችሁ። በየ4 ሰዓቱ ከተባለ ባያማቸውም ስጧቸው፦ ጠዋት 12፣ ረፋድ 4፣ ቀን 8፣ ምሽት 12፣ ማታ 4። ሌሊቱን እንዲተኙ የማታው መጠን ከፍ ይል እንደሆነ፣ በመሀል ሲብስባቸውም ምን ያህል እንደሚጨመር ሐኪሙን ጠይቂ።

ሆድ ያደርቃል፤ ማለስለሻ አብሮ ይታዘዝላቸው። መጀመሪያ ሰሞን የሚመጣው ማቅለሽለሽና ድብታ ብዙ ጊዜ በቀናት ውስጥ ይቀላል። ከእንቅልፍ አልነቃ ካሉ ወይም ትንፋሻቸው ከዘገየ ግን ሌላ ሳትሰጡ ቶሎ ወደ ሕክምና ውሰዷቸው። ዳይክሎፌናክ የሚባለውን ማስታገሻ በራሳችሁ ገዝታችሁ አትጨምሩ፣ ኩላሊት ይጎዳል።

ስለ ጨረር ሕክምናም ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ጠይቂ። ለአጥንት ሕመም ብዙ ጊዜ አንዴ የሚሰጥ 8 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ይበቃል፤ እፎይታው ግን ጥቂት ሳምንታት ሊወስድ ይችላል።

እግራቸው ከዛለ ወይም ከደነዘዘ፣ ሽንትም እምቢ ካላቸው፣ «ነገ ይሻላቸዋል» አትበሉ። ካንሰሩ የአከርካሪውን ነርቭ ተጭኖት ሊሆን ስለሚችል፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይግቡ፤ ከዘገየ መራመዳቸው ላይመለስ ይችላል።