ለመውጫ ፈተና ሦስት ሳምንት ለቀራት እህቴ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ያየሁት ትናንት ማታ ነው፤ ቸኩዬ ሁለት መስመር ከምጽፍልሽ ብዬ አሳደርኩት። አካውንቲንግ አራተኛ ዓመት እንደሆንሽ፣ ለመውጫ ፈተናው ሦስት ሳምንት እንደቀረሽ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልብሽ ድው ድው እያለ እንደምትነቂና ከዚያ በኋላ እንቅልፍ እምቢ እንደሚልሽ ጽፈሻል። እናትሽ እንጀራ ሸጣ ነው ያስተማረችሽ፤ ለምርቃትሽም ከአሁኑ ሰው ጠርታለች። የመመረቂያ ጽሑፍሽ አድቫይዘር ስልክ አያነሳም። የባችሽ ልጆች ደግሞ ቅዳሜ በጋወን ፎቶ ሊነሱ ነው፤ አንቺ ግን "ብወድቅስ? ፎቶው መሳለቂያ ያደርገኛል" ብለሽ ለመቅረት አስበሻል። የማውቀውን ያህል ልመልስልሽ።

እኔም አካውንቲንግ ነው የተማርኩት። የ2015 ባች ነኝ፤ የመውጫ ፈተና በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርቶች መሰጠት ሲጀምር፣ ሐምሌ ላይ ከተቀመጡት የመጀመሪያዎቹ መካከል ነበርኩ። ቀድሞ እንደ ሕግ ያሉ ጥቂት ትምህርቶች ብቻ ነበሩ የሚያውቁት፤ እኛ "እንዲህ ነው፣ እንዲህ አድርጉ" የሚለን ሲኒየር አልነበረንም። ለማለፍ 50 ያስፈልግ ነበር። እኔ 46 አመጣሁ።

ስለዚህ "አይዞሽ፣ ታልፊያለሽ" ብዬ አልጀምርልሽም። ያኔ ሰው ሁሉ እንዲህ ይለኝ ነበር፤ በተባልኩ ቁጥር ደረቴ ይበልጥ ይጠብብኝ ነበር። ታልፋለህ ያለኝን ሰው ሁሉ ስም በልቤ እመዘግብ ነበርና፣ ብወድቅ ይቅርታ የምጠይቀው ሰው ቁጥር እየጨመረ የሄደ ይመስለኝ ነበር።

የፈተናው ቀን የሆነውን ልንገርሽ። ዩዘርኔሜንና ፓስወርዴን አስገብቼ ገባሁ፤ ሰዓቱ ስክሪኑ ላይ ወደ ኋላ መቁጠር ጀመረ። መጀመሪያ አካባቢ አንድ የዲፕሪሲየሽን ጥያቄ መጣ። አንድ ዕቃ በ120 ሺህ ብር ይገዛል፣ አምስት ዓመት ያገለግላል፣ በመጨረሻ 20 ሺህ ብር ያወጣል፤ በቀጥታ መስመር ስሌት የዓመቱ የእርጅና ቅናሽ ስንት ነው? እንደዚህ ዓይነት ነገር ነው። ከ120 ላይ 20 ቀንሰሽ ለአምስት ታካፍያለሽ፣ 20 ሺህ፤ አለቀ። ዶርም ውስጥ ለጓደኞቼ ስንት ጊዜ ያስረዳሁት ነገር ነው። ያን ቀን ግን ቁጥሮቹን አነበብኳቸው፣ ደግሜ አነበብኳቸው፣ የማላውቀው ቋንቋ ሆኑብኝ። ማውዙ በላብ እጄ ላይ ይንሸራተታል። ከጎኔ ያለችው ልጅ ኪቦርድ ስትነካ የሚሰማው ቀጭ ቀጭ ጆሮዬ ውስጥ እንደ መዶሻ ይመታል። እዚያ አንድ ጥያቄ ላይ ስንት ደቂቃ እንዳባከንኩ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ከዚያ በኋላ ያሉትን ሁሉ በሩጫ ነው የሠራሁት።

ውጤቱ ሲለቀቅ ሁለት ቀን ስልኬን ዘጋሁ። በሦስተኛው ቀን አባቴ ከገጠር በአውቶቡስ ተሳፍሮ ግቢው በር ላይ ደረሰ፤ ጋቢውን ደርቦ፣ በፌስታል በሶ ይዞ። ዘበኛው አስጠርቶኝ ወጣሁ። "ሞተህ መስሎኝ ነበር" አለኝ። ስለ ፈተናው አንድም ቃል አልጠየቀኝም። በር ላይ ካለችው ሱቅ ውኃ ገዝተን በሶውን በጥብጠን ጠጣን፣ ከዚያ በመጣበት ተመለሰ።

እዚህ ላይ ስለ በጉ መንገር አለብኝ። ከፈተናው በፊት በነበረው ምሽት አባቴ ደውሎ ለምርቃቴ በግ እንደገዛ ነግሮኝ ነበር፤ ቀንዱን፣ ላቱን፣ የከፈለውን ዋጋ ሁሉ በደስታ አስረድቶኛል። ደስ ብሎኝ ነው ስልኩን የዘጋሁት። ይህን ነገር ያስታወስኩት ግን ከወራት በኋላ ነው። ድጋሚው ፈተና የካቲት 2016 ላይ ነበርና ግቢው ቀደም ብሎ ለቱቶሪያል ሲጠራን፣ አንድ ጓደኛዬ ጎትቶ የምክር አገልግሎት ቢሮ ወሰደኝ። አልዋሽሽም፣ ብቻዬን ሳለሁ በዚያ በር ሦስት ጊዜ አልፌ ተመልሻለሁ፤ ሰው ቢያየኝ "አበደ" ይሉኛል ብዬ። አማካሪዋ ብዙ አላወራችም። "ፈተና ላይ ጭንቅ ሲልህ ዓይንህ ላይ ምን ይመጣል?" ብላ ጠየቀችኝ። "ፈተናው" ልላት ነበር አፌን የከፈትኩት። የመጣልኝ ግን አባቴ ነው፤ ከገበያ በግ እየጎተተ ሲመለስ። ያን የዲፕሪሲየሽን ጥያቄ እያየሁ ያየሁት እሱን ነበር።

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ስለ ኮስት አካውንቲንግ፣ ስለ ኦዲቲንግ፣ ስለ ታክስ አንድ መስመር የለበትም። ስለ እናትሽ ግን አምስት ጊዜ ጽፈሻል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚቀሰቅስሽ የትምህርቱ ክብደት አይመስለኝም፤ የተጠሩት ሰዎች ናቸው።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመሽ እንድታደርጊው የምለምንሽ ለእናትሽ መደወል ነው። "ወድቄ እንዳትደነግጪ" ብለሽ አይደለም፤ አሠራሩን ንገሪያት። ብዙ ወላጅ አራት ዓመት ተምሮ የጨረሰ ልጅ ተመራቂ ነው ብሎ ነው የሚያስበው፤ በመሃል ሌላ ፈተና መግባቱን አያውቅም፣ ቢያውቅም እንደ ወትሮው ፋይናል ይመስለዋል። "እማዬ፣ ኮርሶቼን ሁሉ ጨርሻለሁ። አሁን መንግሥት ለሁሉም የሚሰጠው አንድ ፈተና ይቀረኛል። ብዙ ሰው በመጀመሪያው ላያልፍ ይችላል፤ ያላለፈ ደግሞ እንደገና ይፈተናል። ውጤቴን ሳናውቅ ድግስ እንዳትጀምሪ" በያት። ብታለቅስም፣ ብትቆጣም፣ አሁን ይሁን፤ ከፈተናው በፊት ሦስት ሳምንት አለሽ። እኔ ለአባቴ ይህን ሳልነግረው ቀርቼ ነው በጉን ይዤ ፈተና ክፍል የገባሁት። ለድጋሚው ስነግረው "እና መቼ ነው እሱ?" ብሎ ቀኑን ጠየቀኝ፤ ሌላ ነገር አላለም። የመጀመሪያው በግ ምን እንደሆነ ለመጠየቅ ድፍረት ያገኘሁትም ያኔ ነው። ሐምሌ ላይ ሸጦት ማዳበሪያ ገዝቶበታል።

"ብዙ ሰው በመጀመሪያው ላያልፍ ይችላል" ያልኩሽን ለማጽናናት ብዬ አይደለም። በእኛ ዓመት ከ150 ሺህ በላይ ተማሪ ተፈትኖ ያለፈው ከመቶ 40 ገደማ ነው። እኔ ዶርም ውስጥ ብርድ ልብስ ተከናንቤ በአገሩ ላይ የወደቅሁ ብቸኛው ሰው እኔ እንደሆንኩ ነበር የሚሰማኝ። ቁጥሩን ብሰማ ኖሮ ስልኬን ሁለት ቀን አልዘጋም ነበር፤ አባቴም የአውቶቡስ ገንዘብ አያወጣም ነበር።

አሁን ወደ ሌሊቱ ልምጣ። ልብሽ እየመታ ስትነቂ ስልክ አትንኪ፤ ሰዓት ለማየትም ቢሆን። አልጋሽ ላይ ቁጭ በይ፣ ባዶ እግርሽን ሲሚንቶው ላይ አድርጊ። እስከ አራት እየቆጠርሽ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳቢ፣ እስከ ሰባት ወይም ስምንት እየቆጠርሽ ቀስ ብለሽ አስወጪ። ዋናው ነገር የሚወጣው ትንፋሽ ከሚገባው መርዘሙ ነው፤ የልብን ምት የሚያረግበው እሱ ነው። እንዲህ ያለው የፍርሃት ማዕበል አብዛኛውን ጊዜ በአሥር ደቂቃ ገደማ ውስጥ ጫፍ ላይ ይደርስና ይወርዳል። ሞት አይደለም፤ ሰውነትሽ ጅብ ያየ መስሎት ለሩጫ መዘጋጀቱ ነው። እንደዚያም ሆኖ፣ ይህ ነገር ቀን ላይም እየደጋገመ ከመጣ ግቢ ክሊኒክ ሄደሽ ታዪ፤ የደም ማነስና የታይሮይድ ችግርም ልብን እንዲህ ያስመታሉ፣ ሁሉን ነገር በጭንቀት አታሳቢ። "መኖር አስጠላኝ" የሚል ሐሳብ አንድ ቀን እንኳ ካለፈብሽ ደግሞ ጠዋት እስኪሆን አትጠብቂ፣ የዶርም ልጆችን ቀስቅሺ፣ አብረውሽ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ይህን በጣም የምር ነው የምልሽ።

ቡናን በተመለከተ "በቀን አራት አምስት ስኒ" ብለሻል። ካፌይን ከሰውነት ግማሹ እንኳ ለመውጣት አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ላይ የጠጣሽው ቡና ማታ አራት ሰዓት ላይ ግማሹ ገና ደምሽ ውስጥ አለ ማለት ነው። ጠዋት ጠጪ፣ ከምሳ በኋላ ተዪው። ጫትና ኢነርጂ ድሪንክ እያሉ የሚመክሩሽን አትስሚ፤ የእኛ ዶርም ልጆች አንድ ሌሊት አተረፉ፣ ሁለት ቀን ከሰሩ። ያጠናሽውን ነገር አእምሮሽ የሚያደላድለው እንቅልፍ ላይ ነው፤ ስድስት ሰባት ሰዓት የተኛች ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ላይብረሪ ካደረችው አንሳ አታጠናም።

ስለ አጠናን አንድ ነገር ብቻ። ለመጀመሪያው ፈተና ሞጁል ከፍቼ በሃይላይተር እያሰመርኩ ነው ያነበብኩት፤ ገጹ ሁሉ ቢጫ ሆነ፣ እኔም ያወቅሁ መሰለኝ። ለድጋሚው ብሉፕሪንቱን ወስጄ የትኛው ኮርስ ምን ያህል እንደሚመጣ አየሁ፣ ከዚያ ሞጁሉን ዘግቼ ጥያቄ መሥራት ጀመርኩ። ተሳሳትኩ፣ መልሱን አየሁ፣ በማግሥቱ ያንኑ ሠራሁ። መሳሳት ያሳምማል፤ ግን ዶርምሽ ውስጥ መሳሳት ርካሽ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ እንደ ፈተናው ቀን ሆኜ፣ ስልኬን ለጓደኛዬ ሰጥቼ፣ በኮምፒውተር ሰዓት ይዤ ሞዴል እፈተን ነበር። እጄ ማላቡን ያቆመው በሦስተኛው ይመስለኛል። ያልመጣልሽን ጥያቄ ምልክት አድርገሽ ማለፍንም እዚያ ተለማመጂ፤ እኔን የጣለኝ ዲፕሪሲየሽን ሳይሆን ለማለፍ እምቢ ማለቴ ነው።

አማካሪዋ የሰጠችኝ ሌላ ነገር አለ፤ መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ከፈተና በፊት አሥር ደቂቃ ያህል የሚያስፈራኝን ሁሉ በወረቀት ላይ እንድጽፍ ነገረችኝ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2011 ሳይንስ መጽሔት ላይ በወጣ ጥናት፣ ፈተና ሊቀመጡ ሲሉ ፍርሃታቸውን የጻፉ ተማሪዎች ካልጻፉት የተሻለ ሠርተዋል። እኔ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ቁጭ ብዬ ጻፍኩ፤ "አባቴ፣ በግ፣ የጎረቤት ልጅ፣ 46፣ ሁለተኛ ብወድቅ" ብዬ። ወረቀቱን አጥፌ ለጓደኛዬ ሰጠሁትና ገባሁ። አንቺም ሞክሪው፤ ወረቀትና እስክሪብቶ ነው ወጪው።

አድቫይዘርሽን በተመለከተ በስልክ ተዪው። ያለሽን ድራፍት አትመሽ፣ ጥያቄሽን ከላይ በሁለት መስመር ጽፈሽ፣ ጠዋት ቢሮው በር ላይ ጠብቂው። ሁለት ጊዜ ሄደሽ ካጣሽው ለዲፓርትመንት ኃላፊው በጽሑፍ አሳውቂ፣ ኮፒውን ያዢ። በእሱ ምክንያት ራስሽን አትውቀሺ፤ ዲፌንስ ቀን የምትቀርቢው አንቺ ነሽና ጊዜ ብቻ አታባክኚ።

የቀረው የቅዳሜው ፎቶ ነው። ሂጂ። እኔ ተነስቻለሁ፤ ከፈተናው አሥር ቀን በፊት፣ በተከራየሁት ሱፍና በባቹ ጋወን። ስወድቅ ያንን ፎቶ ከስልኬ አጠፋሁት። ነሐሴ ላይ ቤት ስገባ ግን ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ጠበቀኝ፤ ወንድሜ ቀደም ብሎ ልኮላቸው አሳጥበውታል። እናቴን "አውርጂው፣ ሰው ይስቅብኛል፣ ገና አልተመረቅሁም" አልኳት። ጨርቅ ይዛ መስታወቱን እየወለወለች ነበር። "ሚስማሩን የመታው አባትህ ነው፣ እሱን ጠይቀው" አለችኝና መወልወሏን ቀጠለች። አባቴን አልጠየቅሁትም። የካቲት ላይ ሳልፍም ሌላ ፎቶ አልተነሳሁም፤ እስከ ዛሬ የተሰቀለው ያው ነው።