ከልብሱ በፊት ወፍጮውን አስቡ

ሰላም እህቴ። የጠየቅሽውን ገና አሁን ነው ያየሁት። «የሰንበት ትምህርት ቤታችን ልጆች ከደምቢያ በጎርፍ ተፈናቅለው ትምህርት ቤት ውስጥ የተጠለሉ ቤተሰቦችን መርዳት እንፈልጋለን፣ ልብስ እናሰባስብ ወይስ ገንዘብ፣ ከየት እንጀምር?» ነው ያልሽው። እኔ ይሄን ሥራ በስህተት ጀምሬ ስለተማርኩት ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

በ1998 ክረምት መጨረሻ ላይ የርብ ወንዝ ሞልቶ ፎገራንና ሊቦ ከምከምን ሲያጥለቀልቅ የሰንበት ተማሪ ነበርኩ። ከጎንደር አንድ አይሱዙ ሙሉ ጭነን ሄድን። ከጭነቱ የሚበዛው ልብስ ነበር። ታኮ ጫማ፣ ክራባት፣ አንድ የሙሽራ ቀሚስ ሳይቀር። የቀረው ስንዴ ነው። አንዲት እናት የደረሳትን ስንዴ በነጠላዋ ይዛ «ልጄ፣ ይሄን የት ልፍጨው?» አለችኝ። በአካባቢው የነበረው ወፍጮ ውሃ ገብቶበታል። ምጣድ የለም፣ ማገዶው ርሷል። የምመልስላት አጣሁ። እስከ ዛሬ እህል ስናሰባስብ ያቺ ሴት ትመጣብኛለች።

ስለዚህ ምንም ከመሰብሰባችሁ በፊት ሁለት ሰው ላኩ። አንዷ የወለደች ሴት ትሁን፣ ሴቶቹ ለእሷ የሚነግሯትን ለወንድ አይነግሩም። የሞዴስ ነገር፣ የሽንት ቤቱ ነገር፣ ማታ መብራት ስለሌለ መውጣት መፍራታቸው፣ ይሄ ሁሉ የሚሰማው በሴት ጆሮ ነው። ስንት አራስ አለ? ስንት የሚያጠቡ አሉ? ውሃ ከየት ነው የሚቀዱት? የሚሠራ ወፍጮ የት አለ? ድስት ስንት አላቸው? ቀበሌው የመዘገባቸውን ዝርዝርም እዩ፣ ግን በየክፍሉ እየገባችሁ ቁጠሩ፣ ዘግይቶ የደረሰ ሰው ዝርዝር ላይ አይገኝም።

ለመጀመሪያዎቹ ቀናት እሳት የማይፈልግ ነገር ይሻላል። ዳቦ፣ ድርቆሽ፣ ቆሎ፣ በሶ። በሶ ንጹህ ውሃ ስለሚፈልግ ጀሪካንና የውሃ ማከሚያ አብራችሁ ያዙ፣ ጎርፍ ከሽንት ቤት ጋር የተቀላቀለ ውሃ ስለሆነ ተቅማጥ መምጣቱ አይቀርም። ከዚያ በኋላ ነው የተፈጨ ጤፍና ሽሮ የምትወስዱት። ስንዴ የሚሰጣችሁ ሰው ካለ ተቀበሉት፣ ግን አዘዞ ላይ አስፈጭታችሁ እለፉ። ገንዘብ ጥሩ የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው፣ የወፍጮ፣ የማገዶ፣ የመኪና ይከፈልበታል። ልብስ ካመጣችሁ ደግሞ የልጅ ልብስ፣ ብርድ ልብስና ነጠላ ብቻ፣ ታጥቦና ተለይቶ። ለራሳችሁ ልጅ የማታለብሱትን አትላኩ።

አሁን ፍልሰታ ነው። ይሄን አስቡበት። እኛ አገር ፍልሰታን ሕፃኑም ይጾማታል፣ እኔም በልጅነቴ ጾሜያለሁ። ግን የታመመና ቤቱን ያጣ ልጅ ሌላ ነው። እኛ ስንሄድ ፍልሰታ ተፈትቶ ነበር፣ ሆኖም ዓርብ ቀን አንዲት እናት ትኩሳት ላለበት ልጇ ወተት አልቀበልም አለች። ብንለምናት ብንለምናት እምቢ። አብረውን የነበሩት ቄስ አጠገቧ ቁጭ ብለው ቀስ አድርገው አናገሯት፣ «በእኔ ይሁን» ብለው ኩባያውን በእጃቸው ሰጧት። ያኔ ተቀበለች። የሰንበት ተማሪ መቶ ጊዜ ቢናገር ይሄን አያደርገውም። ካህን ይዛችሁ ሂዱ፣ ለቡራኬ ብቻ አይደለም።

ከተጠለሉት መሃል ሙስሊም ቤተሰቦች ካሉ (ይኖራሉ) ያለ ልዩነት እኩል ይድረሳቸው። ሽሮና ዳቦ ላይ ችግር የለም። ጾሙ ተፈቶ በግ ልናርድ ነው ስትሉ ግን አስቀድማችሁ አስቡ፣ ሥጋው አንዱ የሌላውን አይበላም። ወይ ለእነሱ በራሳቸው ሰው የታረደ ይዘጋጅ፣ ወይ ሥጋውን ትታችሁ ሁሉም አብሮ የሚበላውን ሥሩ። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ፎቶ ደግሞ አታንሱ። እህል ስትቀበል የተነሳች ሴት ቀና ብላ አታይም። ለሰጪዎች ማስረጃ ካስፈለገ ጭነቱን አንሱ፣ ደረሰኙን አንሱ።

ከሁሉም በላይ የምለምንሽ ግን ሦስተኛውን ሳምንት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም ይመጣል፣ ጽዋ ማኅበሩም፣ እድሩም፣ ባለሱቁም። በሦስተኛው ማንም የለም። ውሃው ግን አልሄደም። በጣና ዙሪያ ያለው መሬት ሜዳ ነው፣ ሐይቁ ሲሞላ እነ ርብ፣ እነ መገጭ መውረጃ ያጡና ወደ ኋላ ይተኛሉ፣ ጥቁር አፈሩም ውሃ ቶሎ አይለቅም። ሰው ለሳምንታት ቤቱ መግባት አይችልም። ወባው የሚነሳውም ውሃው መጉደል ሲጀምር ነው፣ አጎበር ያኔ ያስፈልጋል። በዚያ ላይ ትምህርት ሊከፈት ነው፣ ክፍሉን ልቀቁ ይባላሉ። እኛ የ1999ን እንቁጣጣሽ እዚያው ነበር የዋልነው፣ ልጆቹ አደይ አበባ የሚለቅሙበት ደረቅ ሜዳ አልነበራቸውም። ስለዚህ ያላችሁን በአንድ ቀን አትጨርሱ። ለሦስት ከፍላችሁ ያዙት፣ ሸራ ለመግዣ የሚሆንም አስቀሩ።

የመጨረሻው ክፍል ለዘር ይሁን። መስከረም ላይ ውሃው ሲሸሽ ገበሬው በቀረው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራል። ዘሩ ከጎተራው ጋር ሄዷል። ያኔ የምትሰጡት የዘር ሽምብራ ከአሥር አይሱዙ ልብስ ይበልጥበታል፣ ምክንያቱም ራሱን ችሎ ይገባል። ጓያ ግን ለዘር እንጂ ለቀለብ አትስጡ፣ ለወራት እሱን ብቻ የበላ ሰው እግሩ ሊሽመደመድ ይችላል፣ ደምቢያ ይሄን በደንብ ያውቃል።

አንድ ሰው ከታች «በ2016 ነሐሴ ጠለምት ላይ ለደረሰው የመሬት መንሸራተትም እንዲሁ ነበር የሚደረገው?» ብሎ ጠይቋል። የመጀመሪያው ሳምንት ያው ነው። ከዚያ በኋላ ግን ይለያያል፣ ጎርፍ ቢዘገይም መሬቱን ይመልሳል፣ የተንሸራተተ ተራራ ግን እርሻውን ይዞ ነው የሚሄድ። ለእነሱ ዘር ከማሰብ በፊት የሚሰፍሩበት ቦታ ይቀድማል፣ ያ ደግሞ ከሰንበት ትምህርት ቤት አቅም በላይ ስለሆነ ከወረዳው ጋር መነጋገር ነው።

ቅዳሜ ለማየት የምትልኳቸው ሁለት ሰዎች ካልተመረጡ እኔ አንዷ ልሁን፣ ሁለት ልጆች ወልጃለሁ። ሁለት ትልልቅ ብረት ድስትም አለኝ፣ ጠዋት አዘዞ ላይ እጠብቃችኋለሁ።