ለስቅለት ፈቃድ ተከለከልኩ ላልሽው እህት፦ "ፐርሰናል" (የግል ጉዳይ) ብለሽ ጻፊ ካሉሽ እንዳትጽፊ

እህቴ ጥያቄሽን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያንና የበሽተኞች መንከባከቢያ) ነው የምሰራው፣ ለስቅለት ፈቃድ ብጠይቅ ሱፐርቫይዘሬ ሰው የለንም አለኝ፣ ልጄስ ያን ቀን ከትምህርት ቤት ቢቀር ይጻፍበታል ወይ ብለሻል። የኔም ነገር ቁርጥ ያንቺ ነው፣ እዚሁ አሜሪካ ሜሪላንድ፣ ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ሆኜ። ተይው ስራሽን እንዳታጪ የሚሉሽን አትስሚያቸው።

1. የሃይማኖት ፈቃድ መሆኑን በጽሁፍ ጠይቂ። ሌላውን ባታነቢ ይቺን ያዢ። 2024 ላይ የፈረንጆቹ ፋሲካ ማርች 31 ነበር፣ የኛ ሜይ 5፣ ስለዚህ ስቅለት አርብ ሜይ 3 ዋለ። ኤፕሪል ላይ ቀደም ብዬ ኤችአር (የሰራተኛ አስተዳደር) ቢሮ ገባሁ፣ ሴትየዋ ቀና ብላ እንኳን ሳታየኝ "ኢስተር እኮ ባለፈው ወር አለፈ" አለችኝ። የኛ አቆጣጠር ይለያል ብዬ ላስረዳት ስጀምር አቋረጠችኝና የፒቲኦ (ተራ የእረፍት ፈቃድ) ፎርም ገፋ አረገችልኝ፣ ምክንያት የሚለው ላይ ፐርሰናል ብለሽ ጻፊ ሁሉም ሰው እንደዛ ነው የሚያረገው አለች። እንዳለችኝ ጻፍኩ። ፎርሙ "ሺፍቱ ሰው የለውም" ተብሎ ተመለሰልኝ። እኔ ደግሞ ስቅለት ቀን ስራ ገብቼ አላውቅም አልገባምም፣ ቤተክርስቲያን ሄጄ ስሰግድ ዋልኩ። ስመለስ ራይት አፕ (የጽሁፍ ማስጠንቀቂያ) ጠበቀኝ። ስብሰባው ላይ "የሃይማኖት ነው ብለሽ መቼ ነገርሽን?" ሲሉኝ ያቺው ሴትዮ ፎርሙን አውጥታ ፐርሰናል የሚለውን በጣቷ እያሳየች ቁጭ ብላለች! ራሷ ያስጻፈችኝን! እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ስለዚህ ኢሜይል አርጊው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋህዶ አማኝ ነኝ፣ ስቅለት በጾምና በስግደት የምንውልበት ቀን ነው፣ ለዛ ቀን ሪሊጅየስ አኮሞዴሽን (ለሃይማኖቴ ስራው እንዲመቻችልኝ) እጠይቃለሁ በይ፣ ቀኑንም ጥቀሺ ምክንያቱም በየዓመቱ ይቀያየራል። የስራ ኢሜይልሽ ሊዘጋ ስለሚችል ለግል ኢሜይልሽም ኮፒ ይሂድ።

2. "ሰው የለንም" ብቻውን መልስ አይደለም። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ህግ፣ ታይትል ሰቨን የሚሉት፣ 15 እና ከዛ በላይ ሰራተኛ ያለውን አሰሪ ሁሉ ይመለከታል። ከ1977 ጀምሮ ግን ፍርድ ቤቶች ትንሽ ወጪ ካመጣ አሰሪው እምቢ ማለት ይችላል እያሉ ነበር የሚወስኑት። ጁን 2023 ላይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምጽ አስተካከለው፣ ግሮፍ የሚባል ፔንስልቬንያ ውስጥ ፖስታ ቤት የሚሰራ ሰው እሁድ አልሰራም ብሎ የተከራከረበት ጉዳይ ነው። አሁን አሰሪው ከስራው አንጻር ከባድ ወጪ ወይም ጫና እንደሚሆንበት ማሳየት አለበት፣ ሌላ ሰራተኛ ሃይማኖትሽን አለመውደዱ አይቆጠርም። ግን እህቴ አልጋ ላይ ያሉ በሽተኞች አሉ፣ ሺፍቱ ባዶ ከሆነ ጫናው እውነት ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ የሚቀይርሽን ሰው ራስሽ ፈልገሽ ስሟን ኢሜይሉ ላይ አስገቢ። እኔ ለገና ያረግኩት እንደዛ ነው፣ አንዲት ፊሊፒናዊት ዲሴምበር 25 ሰራሁላት ጃንዋሪ 7 ሰራችልኝ፣ ሱፐርቫይዘሩ የሚለው ጠፋው። አሁን ነርሲንግ ሆሙ ውስጥ ያሉ ሀበሾች በሙሉ እንደዚህ ነው የሚያረጉት፣ አዲስ ሰው ሲቀጠር ወደኔ ነው የሚልኩት።

3. ራይት አፕ ከሰጡሽ "ደርሶኛል ግን አልስማማም" ብለሽ ጽፈሽ ፈርሚ። ከዛ ኢኢኦሲ (የስራ ቦታ አድልዎን የሚያይ የፌዴራል መስሪያ ቤት) ድረገጽ ላይ ገብተሽ ክስ ማስገባት ትችያለሽ፣ ነጻ ነው ጠበቃም ግዴታ አይደለም። ሜሪላንድ ውስጥ 300 ቀን አለሽ፣ አንዳንድ ስቴት ግን 180 ነው፣ የፌዴራል መስሪያ ቤት የምትሰሩ ደግሞ በ45 ቀን ውስጥ የመስሪያ ቤታችሁን ኢኢኦ ካውንስለር (የአድልዎ ጉዳይ አማካሪ) ማናገር አለባችሁ፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚያልፍበት። ስለከሰስሽ ሊበቀሉሽ አይችሉም፣ ያም ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። የኔ በሚዲዬሽን (በሽምግልና) አለቀ፣ ራይት አፑ ከፋይሌ ወጣ። ሴትየዋ ይቅርታ አላለችም።

4. ልጅሽ። ሜሪላንድ ውስጥ የሃይማኖት በዓል ህጋዊ የመቅሪያ ምክንያት ነው፣ ኤክስኪውዝድ ይሆናል። ግን ኖቱ ላይ "አሞት ነው" ብለሽ እንዳትጽፊ፣ በዓሉን በስሙ ጥሪው።

ከስር ኮመንት ላይ ደግሞ እዚሁ ሜሪላንድ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ያለች እናት ስለትምህርት ቤት መጽሐፎቹ ጠይቃለች። ካውንቲው 2022 ላይ ግብረሰዶምና ትራንስጀንደር ገጸ ባህሪ ያላቸውን የልጆች መጽሐፎች አስገባ፣ ማርች 2023 ላይ ደግሞ ወላጅ መጽሐፎቹ ሲነበቡ ልጄ ከክፍል ይውጣልኝ እንዳይል ከለከለ። የዛን ጊዜ ሮክቪል ሰልፍ ከወጡት ሙስሊምና ክርስቲያን ወላጆች መሀል የኛ ሰዎች ብዙ ነበሩ። ጁን 27 ቀን 2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ 3 ለከሰሱት ወላጆች ወሰነ፣ ክሱ እስኪያልቅ ትምህርት ቤቱ አስቀድሞ ማሳወቅና ወላጆቹ ከጠየቁ ልጆቻቸውን ከዛ ትምህርት ማስወጣት አለበት አለ። ለአስተማሪዋ በትህትና ጻፊላት፣ ፖሊሲውን ያወጣችው እሷ አይደለችም፣ ለፕሪንሲፓሉም ኮፒ አርጊ።

ኢሜይሉን ከመላክሽ በፊት ኢንቦክስ አርጊልኝ፣ የድርጅቱንና የሱፐርቫይዘሩን ስም ከላዩ ላይ ሰርዢና። ከሺፍት በፈረንጆቹ 11 ሰዓት ማታ ነው የምወጣው፣ ያኔውኑ አየዋለሁ።