የአንባቢያን ጥያቄ፦ ክንፉን ዘርግቶ የሚቆመው ጥቁር ወፍ

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች እንደምን ናችሁ። ኮርሞራንት የሚባለው ውሃ ውስጥ ጠልቆ ዓሣ የሚይዘው ወፍ ከውሃ ሲወጣ ክንፉን ዘርግቶ የሚቆመው ለምንድነው? ዳክዬ ቀኑን ሙሉ ውሃ ላይ ውላ ላባዋ አይርስም፣ የሱ ግን በስብሶ ነው የሚወጣው። አንድ ጓደኛዬ ዘይት ስለሌለው ነው፣ ሲፈጠርም ጎደሎ ነው አለኝ፣ እውነት ነው?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ጎደሎስ አይደለም! የዘይቱን ነገር ብዙ ሰው ነው የሚያወራው፣ ግን ዘይት አለው፣ ጅራቱ ጋ ያለችው የዘይት እጢ እሱም ጋ አለች። ልዩነቱ የላባው አሰራር ላይ ነው። እያንዳንዱ ላባ ዳር ዳሩ ልል ስለሆነ ውሃ ያስገባል፣ መሃሉ ግን ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ አያስገባም፣ ስለዚህ ከላይ ስታየው በስብሶ ከስር ቆዳው ጋ ግን ስስ የአየር ሽፋን ይቀርለታል። ይሄ ምን ይጠቅመዋል ካልክ፣ ዳክዬ ላባዋ ውስጥ ብዙ አየር ስለምትይዝ እንደ ቡሽ ትንሳፈፋለች፣ እሱ ግን አብዛኛው አየር ስለሚወጣለት ብዙ ሳይታገል ይሰምጣል። መርጠቡ ነው እንጀራው።

ውሃ ውስጥ ክንፉን ጎኑ ላይ ለጥፎ በእግሩ ብቻ ነው የሚቀዝፈው፣ አራቱም ጣቶቹ በቆዳ የተያያዙ ናቸው (የዳክዬ ሶስቱ ብቻ)። አፍንጫው ከውጭ ስለተደፈነ የሚተነፍሰው በአፉ ነው፣ መንቃሩ ጫፍ ላይ ደግሞ የሚያሙለጨልጭ ዓሣ እንዳያመልጠው መንጠቆ አለ።

እኔን በጣም የሚገርመኝ ግን ዓይኑ ነው። ከሩቅ አይቶ የሚወረወር ይመስለን ነበር፣ ሲመረመር ግን ውሃ ውስጥ ያለው እይታ ያለ መነጽር ከጠለቀ ሰው ብዙም እንደማይሻል ታወቀ፣ ስለዚህ ከስር እየፈተሸ ዓሣው ከተደበቀበት ሲወጣ አጠገቡ ላይ አንገቱን አስፈንጥሮ ነው የሚይዘው። ከዛ ወደ ላይ ይዞት ይወጣና የዓሣው ክንፍና እሾህ ጉሮሮውን እንዳይወጋው በጭንቅላቱ በኩል ይውጠዋል፣ ያልተፈጨውን አጥንት በኋላ ጠቅልሎ ይተፋዋል።

በርግጥ መርጠቡ ዋጋ ያስከፍለዋል፣ የራሰ ሰውነት ሙቀት ቶሎ ያጣል፣ ስለዚህ እንደ ዳክዬ ውሃ ላይ አይውልም፣ ሆዱ ሲሞላ ይወጣና ክንፉን ለንፋስና ለፀሐይ ዘርግቶ ያደርቃል። ያም ሆኖ ትልቁ ኮርሞራንት የሚባለው ዝርያ ግሪንላንድ ውስጥ እንኳ ክረምቱን በረዶ በሚመስል ውሃ ውስጥ እያደነ ያሳልፋል!

ጋላፓጎስ ደሴቶች ላይ ደግሞ መብረር የተወ ዝርያ አለ፣ ክንፉ አጥሮ ለመብረር አይረባም፣ እሱም ግን ከውሃ በወጣ ቁጥር ያችኑ አጭር ክንፉን ዘርግቶ ድንጋይ ላይ ይቆማል።